አሥር ቢሊዮን ቢሊዮን ሞለኪውሎች በአንድ ዲግሪ

የመቅለጫ ነጥብ የሚለካበት የመስታወት ቱቦ ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል። የውስጥ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር ነው። አንደኛው ጫፉ በእሳት ይደፈንና ከታች ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ዱቄት ይጠቀጠቅበታል። ዱቄቱ ቤንዞይክ አሲድ ነው እንበል፤ ለስላሳ መጠጥ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሶዲየም ቤንዞኤት የሚሠራበት ነጭ አሲድ። ክብደቱ ሁለት ሚሊግራም ያህል ነው። ጣት ላይ ቢያርፍ አይከብድም፣ እፍ ቢሉበት በኖ ይጠፋል።

በዚያች ሁለት ሚሊግራም ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ቁጥር ወደ 10,000,000,000,000,000,000 ይጠጋል። አሥር ቢሊዮን በቢሊዮን ሲባዛ የሚገኘው ነው። በምድር ላይ ላለው ስምንት ቢሊዮን ሕዝብ እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይደርሰዋል። በየሰከንዱ አንድ አንድ እያለ የሚቆጥር ቢገኝ ቆጥሮ ለመጨረስ ከ300 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ አጽናፈ ዓለም ከተፈጠረ ገና 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ነው።

ይህ ሁሉ ብዛት 122.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲደርስ ይቀልጣል። ዱቄቱ ንጹሕ ከሆነ የመጀመሪያዋ የፈሳሽ ጠብታ ከታየችበት እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት መጥፋት ድረስ ቴርሞሜትሩ የሚጨምረው ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። አለቃ የለ፣ ምልክት የሚሰጥ የለ፤ አሥር ቢሊዮን ቢሊዮን ሞለኪውሎች ግን በዚህች ጠባብ ልዩነት ውስጥ ሁሉም የያዙትን ቦታ ይለቃሉ። ኬሚስትሪን የተማረ ሁሉ ይህን በመጀመሪያ ዓመት አይቶት አልፏል። ቆም ብሎ ያሰበበት ግን ጥቂት ይመስለኛል።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ዱቄቱ ደርቆ በሙቀጫ ይልማል። የቱቦው አፍ ዱቄቱ ላይ ይጫንና ቱቦው ተገልብጦ፣ በረጅም የመስታወት ቧንቧ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ደጋግሞ እንዲወድቅ ይደረጋል፤ ዱቄቱ ወደ ታች ወርዶ የሚጠቀጠቀው እንዲህ ነው። ከዚያ ቱቦው ከቴርሞሜትሩ ጎን ይታሰርና ዘይት ውስጥ ይገባል። ጀርመናዊው ዮሐንስ ቲል የፈለሰፈው፣ በስሙ የሚጠራው የመስታወት ዕቃ ጎኑ ላይ እጀታ የመሰለ ቀለበት አለው። እሳቱ ያንን እጀታ ሲያሞቀው ዘይቱ ያለ ማማሰያ ራሱ እየዞረ ሙቀቱን ያዳርሳል። ዛሬ በብዙ ቤተ ሙከራ የዘይቱን ቦታ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የብረት ብሎክ፣ የዓይንን ቦታ ደግሞ ማጉያ መነጽር ወይም ካሜራ ወስዶታል። ሕጉ ግን ያው የድሮው ነው። ከመቅለጫው አሥራ አምስት ዲግሪ ያህል እስኪቀር ፈጠን ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በደቂቃ አንድ ዲግሪ።

ዝግታው ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ሙቀት ከብሎኩ ወደ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ወደ ዱቄቱ፣ ከዱቄቱ ዳር ወደ መሐሉ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። በችኮላ ያሞቀ ሰው ቴርሞሜትሩ ላይ የሚያነበው ዱቄቱ ገና ያልደረሰበትን ሙቀት ነው፤ ንጹሑ ነገር ከትክክለኛው በላይ የሚቀልጥ ይመስለዋል። በሞለኪውሎቹ ዓለም ግን ያቺ አንዲት ደቂቃ ዘመን ናት። በክሪስታል ውስጥ ያለች ሞለኪውል በቦታዋ ሆና በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ትወዛወዛለች፤ እኛ አንድ ዲግሪ እስኪጨምር በምንጠብቅበት ደቂቃ ስድሳ ትሪሊዮን ጊዜ ተወዛውዛለች ማለት ነው። ጎረቤቶቿን ለመፈተን፣ ቦታዋን ለመልቀቅ፣ ተመልሳ ለመያዝ ዕድሉ ሞልቷታል። ቁጥሩ ታማኝ የሚሆነውም በዚህ ነው።

የሚጠይቀው ጉልበትስ ምን ያህል ነው? ሁለት ሚሊግራም ቤንዞይክ አሲድ ለማቅለጥ ብቻ፣ እስከዚያ ድረስ ማሞቁን ሳንቆጥር፣ 0.3 ጁል ይበቃል። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ከጠረጴዛ ላይ ስድስት ሴንቲሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ነው። በዚህች ትንሽ ጉልበት አሥር ቢሊዮን ቢሊዮን እስሮች ይላላሉ።

አንዷን ሞለኪውል ብቻዋን ብንወስዳትስ በስንት ዲግሪ ትቀልጣለች? ጥያቄው መልስ የለውም። አንዲት ሞለኪውል ጠጣርም ፈሳሽም አትባልም፤ መቅለጥ የብዙዎች ነገር ነው። ፍሬድሪክ ሊንደማን እ.ኤ.አ. በ1910 ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ በግምት ይሠራበታል፦ በክሪስታል ውስጥ ያሉት አቶሞች ሲሞቁ ውዝዋዜያቸው እየሰፋ ሄዶ በመካከላቸው ካለው ርቀት አንድ አሥረኛ ያህል ሲደርስ ሥርዓቱ ይፈርሳል። እያንዳንዱ ከቦታው ፈቀቅ ያለው አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ የሁሉም ሲደመር ግን ቅርጹ አይጸናም።

ብዙዎች ለመባል ስንት መሆን ያስፈልጋል ለሚለው ወርቅ መልስ ሰጥቷል። የወርቅ አንጥረኛ የሚያውቀው ወርቅ 1,064.18 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። እ.ኤ.አ. በ1976 ቡፋና ቦሬል የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት በጣም ደቃቅ የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶችን ለኩ። ስፋታቸው ሁለት ናኖሜትር ተኩል ገደማ የሆኑት፣ አምስት መቶ ያህል አቶም ብቻ የያዙት፣ ከዚህ በብዙ መቶ ዲግሪ ዝቅ ብለው ይቀልጣሉ። በእንዲህ ያለ ቅንጣት ግማሽ ያህሉ አቶም ዳር ላይ ነው፤ ዳር ያለው ደግሞ የሚይዘው ጎረቤት ያንሰዋል። ከቱቦዋ ቁጥር ጀርባ ያለው ጽናት የመጣው ከብዛቱ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ብዛት ይህን ያህል ካጸናው ጥቂት ባዕድ ቢገባበት ምንም አይለውም ያሰኛል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከመቶ ሞለኪውሎች አንዷ ባዕድ ብትሆን ቤንዞይክ አሲድ የሚቀልጥበት ሙቀት በ0.7 ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ መቅለጥ የሚጀምርበትም ከዚያ ቀድሞ ስለሚመጣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ዓይን ምንም አላየም፣ ዱቄቱ እንደ ነጣ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ግን ነግሯል። ባዕዷ ሞለኪውል ከክሪስታሉ ረድፍ ጋር አትገጥምም፤ ፈሳሹ ውስጥ ግን እንደ ልቧ ትደባለቃለች። ስለዚህ ፈሳሽ መሆን የበለጠ ይመቻል፣ ክሪስታሉም ቀድሞ ይሸነፋል። ካምፎር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ከመቶ አንድ ባዕድ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ያወርደዋል። ካርል ራስት እ.ኤ.አ. በ1922 ይህንን ድክመቱን መለኪያ አደረገው። የማይታወቅ ነገር ካምፎር ውስጥ አሟምቶ መቅለጫው ስንት ዲግሪ እንደ ወረደ በማየት የዚያን ነገር የሞለኪውል ክብደት ያሰላ ነበር። በተራ ቴርሞሜትር ሞለኪውልን መመዘን ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ፈተና የሚከተለው ነው። ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ዩሪያ 133 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ከቀረፋ ጋር የሚዛመደው ሲናሚክ አሲድም እንዲሁ 133 አካባቢ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ለየብቻ ሲለኩ ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ቴርሞሜትር የሚለያቸው አይመስልም። እኩል እኩል አደባልቀው ሲያሞቋቸው ግን 100 ዲግሪ ገደማ ላይ መርጠብ ይጀምራሉ። አንዱ ለሌላው ባዕድ ነውና። የማይታወቅ ዱቄት ያገኘ ኬሚስት ዩሪያ ነው ብሎ ከጠረጠረ ከታወቀ ዩሪያ ጋር ደባልቆ ይለካዋል። ቁጥሩ ከ133 ካልወረደ ያው ራሱ ነው፤ ከወረደ ሌላ ነው። ውድ መሣሪያ፣ ኮምፒውተር፣ ጨረር ሳያስፈልግ በሙቀጫና በቴርሞሜትር የሚሰጥ የማያወላዳ ፍርድ ነው።

የመድኃኒት ፍተሻም በዚህ ይጠቀማል። ንጹሕ ፓራሲታሞል ከ168 እስከ 172 ዲግሪ ባለው መካከል መቅለጥ አለበት ተብሎ በመድኃኒት መጻሕፍት ተደንግጓል። ሁሉም ነገር ግን እንዲህ ታዛዥ አይደለም። ከቡና የሚወጣው ካፌይን የሚቀልጠው 235 ዲግሪ አልፎ ነው፤ ከዚያ በፊት፣ 180 እንኳ ሳይሞላ፣ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ትነት መሸሽ ይጀምራል። እሱን የሚለካ ሰው የቱቦውን ሁለቱንም ጫፍ መድፈን አለበት።

መቅለጫ ነጥብን የንጽሕና ምስክር ያደረገው ፈረንሳዊው ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ነው። ስለ እንስሳት ስብ የጻፈው ትልቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1823 ታትሟል። ስቡን ወደ አሲዶች እየለየ ያጠራል፣ መቅለጫውን ይለካል፣ እንደገና ያጠራል፤ ቁጥሩ መጨመሩን ሲያቆም ንጹሕ ሆነ ይላል። ሼቭረል 102 ዓመት ኖሯል። ከእሱ በኋላ የመጣው ኤሚል ፊሸር የስኳር ጣጣ ገጠመው፦ ስኳሮች ክሪስታል መሆን እምቢ ብለው ወፍራም ሽሮፕ ሆነው ይቀራሉ፣ ሽሮፕ ደግሞ መቅለጫ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1875 ራሱ ያገኘውን ፌኒልሃይድራዚን ቢጨምርባቸው ቢጫ ክሪስታል ሠሩለት። ከግሉኮስ የመጣው ቢጫ ክሪስታል 205 ዲግሪ አካባቢ ቀለጠ፤ ከፍሩክቶስ የመጣውም እንዲሁ። ያው አንድ ክሪስታል ስለ ነበረ ነው። ሁለቱ ስኳሮች የሚለያዩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርቦኖች ዘንድ ብቻ እንደሆነ ከዚህ ተረዳ። የኖቤል ሽልማቱን እ.ኤ.አ. በ1902 ተቀበለ።

ቁጥሮቹ ሁልጊዜ እንዲህ የታመኑ አልነበሩም። የእንግሊዙ ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ ምድጃው ምን ያህል እንደሚግል ማወቅ ነበረበት፤ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ደግሞ እዚያ አይደርስም። ሸክላ ሲተኮስ ይኮማተራል። ስለዚህ ትንንሽ የሸክላ ቁራጮች ምድጃ ውስጥ እየከተተ ምን ያህል እንደ ጠበቡ በጠባብ ቦይ ለካ፣ ዘዴውንም እ.ኤ.አ. በ1782 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። የራሱን መለኪያ ወደ ፋራናይት ሲመልሰው ወርቅ 5,237፣ ብረት ደግሞ 17,977 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል አለ። የኋለኛው ወደ ሴልሺየስ ሲመለስ ወደ 9,970 ይጠጋል። የፀሐይ ገጽ 5,500 ነው። ከማዕድን ምድጃ የሚወጣ ብረት በእውነቱ የሚቀልጠው 1,150 ገደማ ላይ ነው፤ የነጠረው ብረት እንኳ 1,538 ላይ። ሰውየው ጥንቁቅና ታታሪ ነበር፤ ሮያል ሶሳይቲም በዓመቱ አባሉ አድርጎታል። የጎዳው ሸክላ ከሙቀቱ ጋር እኩል እየተመጣጠነ ይኮማተራል ብሎ መነሳቱ ነው። ከሜርኩሪ በላይ ባለው ዓለም ሊያርመው የሚችል ሌላ መለኪያ ስላልነበረ ያ ቁጥር ለዓመታት በመጻሕፍት ተጠቀሰ።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ቴርሞሜትሮች የሚታረሙት በመቅለጫና በመርጊያ ነጥቦች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሙቀት መለኪያ ቆርቆሮን 231.928፣ ዚንክን 419.527፣ ብርን 961.78 ላይ አጽንቶ ይጠቀምባቸዋል። መዳፍ ላይ የሚቀልጠው ጋሊየም 29.7646 ነው፤ ከነጥቡ በኋላ አራት አኃዝ። ከዌጅውድ እስከዚህ የተኬደው መንገድ ሁለት መቶ ዓመት ብቻ መሆኑ ይገርመኛል።

ቁስ ሁሉ በዚህ ሚዛን ላይ የት የት ይቀመጣል? ከታች ሂሊየም አለ። ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1908 ላይደን ከተማ ውስጥ ፈሳሽ አደረገው፤ ጠጣር ሊያደርገው ግን አልቻለም። በተራ የአየር ግፊት ሂሊየም የፈለገውን ያህል ቢቀዘቅዝ አይረጋምና። በዚያው ቤተ ሙከራ ቪለም ኬሶም እ.ኤ.አ. በ1926 ከ25 የአየር ግፊት በላይ ጭኖ አረጋው። ሃይድሮጅን ከፍጹም ዜሮ 14 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀልጣል። ከላይ ደግሞ የአምፖል ክር የሚሠራበት ተንግስተን 3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይገኛል፤ ከሱም በላይ እ.ኤ.አ. በ2016 በሌዘር እየጋለ የተለካው ሃፍኒየም ካርባይድ 3,960 አካባቢ ይቀልጣል። እዚያ ከፍታ ላይ ቴርሞሜትር የሚያስጠጋ የለም፤ ሙቀቱ የሚነበበው ቁሱ ከሚረጨው ብርሃን ነው፣ መለኪያውም በአሥሮች የሚቆጠር ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከፍጹም ዜሮ ጀምረን ብንቆጥር ሃፍኒየም ካርባይድ የሃይድሮጅንን ሦስት መቶ እጥፍ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው የሚገባ አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ውኃ የሚፈላው መቶ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመቅለጫ ነጥብስ? የአየሩ ግፊት በመቀነሱ በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት የሚለወጠው ከአንድ ዲግሪ ሁለት ሺህኛ በማይበልጥ ነው፤ ተራ ቴርሞሜትር አያየውም። ውኃ ሲተን መጠኑ ከሺህ ስድስት መቶ እጥፍ በላይ ይሰፋልና ከላዩ የተጫነው አየር ብዙ ለውጥ ያመጣበታል። በረዶ ሲቀልጥ ግን መጠኑ የሚለወጠው ከአንድ አሥረኛ ባነሰ ነው። ስለዚህ ሐምቡርግ ወደብ ላይ የተለካ 122.4 አዲስ አበባም 122.4 ነው፤ የመፍያ ነጥብ ሠንጠረዥ የከፍታ ማስተካከያ ሲፈልግ የመቅለጫው ሠንጠረዥ እንዳለ ይሠራል።

ታዲያ እንዲህ የጸና ቁጥር ሳይለካ በስሌት መታወቅ ነበረበት። እዚህ ላይ ኬሚስትሪ እስከ ዛሬ ትቸገራለች። ቶማስ ካርኔሊ እ.ኤ.አ. በ1882 አሥራ አምስት ሺህ ያህል ውሁዶችን ካገላበጠ በኋላ ቅርጹ የተመጣጠነ ሞለኪውል ከፍ ባለ ሙቀት ይቀልጣል የሚል ደንብ አወጣ። አምስት ካርቦንና አሥራ ሁለት ሃይድሮጅን ያላቸው ሦስት ፔንቴኖች አሉ። ቀጥ ያለው ከዜሮ በታች 130 ላይ ይቀልጣል፤ አንድ ቅርንጫፍ ያለው ከዜሮ በታች 160 ላይ፤ እንደ ኳስ የተድበለበለው ግን ከዜሮ በታች 16 ተኩል ላይ። አቶሞቹ አንድ፣ ክብደቱ አንድ፣ ልዩነቱ ከ140 ዲግሪ በላይ! ቅርጽ ብቻ ነው ይህን ያደረገው። ደንቡ እውነት ነው፤ ቁጥሩን ግን አይሰጥም። ዘመናዊ የኮምፒውተር ስሌትም ለመድኃኒት መሰል ሞለኪውሎች ሠላሳና አርባ ዲግሪ ቢስት የተለመደ ነው። ተማሪ በቱቦና በቴርሞሜትር ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ስህተት የሚያገኘውን ማለት ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሞለኪውሎቹ ጊዜ ካገኙ ነው። ጊዜ ቢነፈጋቸውስ? ጠጣር ነገር ከመቅለጫው በላይ ጠጣር ሆኖ ሊቆይ የሚችለው ከፍጹም ዜሮ በሚቆጥረው የኬልቪን ሚዛን እስከ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፣ ከዚያ በኋላ የግድ ይፈርሳል የሚል ስሌት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ሥራ ይህን በወርቅ ፈተነው። ውፍረቱ ሃምሳ ናኖሜትር ብቻ በሆነ የወርቅ ስስ ሽፋን ላይ እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ ተለቀቀ፤ ሙቀቱ በሰከንድ ከአንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ዲግሪ በላይ በሆነ ፍጥነት አሻቀበ። ቱቦው ውስጥ ካለው የደቂቃ አንድ ዲግሪ ጋር ሲነጻጸር ስድሳ ሚሊዮን ቢሊዮን እጥፍ ነው። ወርቁ ከ19,000 ኬልቪን በላይ ደረሰ፤ ከመቅለጫው አሥራ አራት እጥፍ። ተመራማሪዎቹ በኤክስሬይ ሲያዩት ግን ገና ክሪስታል ነበር፤ ከሁለት ትሪሊዮንኛ ሰከንድ በላይ እንደዚያው ቆየ። የድሮው ስሌት ጠጣሩ እየሞቀ ለመስፋት ጊዜ አለው ብሎ የተነሳ ነበር። ይሄ ወርቅ ለመስፋት ጊዜ አላገኘም። በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ የወርቅ አቶም በቦታው ሆኖ የተወዛወዘው አሥር ጊዜ እንኳ አይሞላም።